እንደ ሕፃን በአባት መታመን

ደቀ መዛሙርት በመንግሥተ ሰማያት ማን እንደሚበልጥ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ፤ ተለውጠው እንደ ሕፃናት ካልሆኑ ወደ መንግሥቱ ሊገቡ እንደማይችሉም አስተማራቸው (ማቴ. 18፡1-4)። ይህን ትምህርት ደጋግመን ሰምተነዋል። ይሁን እንጂ ከሕፃን የምንማረው ምኑን ነው?

አለማወቁን አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ሕፃንነታችን ለክፋት እንጂ ለማስተዋል እንዳይሆን ይመክረናልና (1ቆሮ. 14፡20)። ሕፃን ፍርሃት የማያውቅ ሆኖም አይደለም። ነጎድጓድ ሲሰማ ይደነግጣል፤ በጨለማ ያለቅሳል። ነገር ግን በፈራ ጊዜ ወደ ማን እንደሚሮጥ ያውቃል። የእናቱን ቀሚስ ይይዛል፤ በአባቱ ጉያ ይሸሸጋል። ነጎድጓዱ ባያቆምም ብቻውን አለመሆኑ ያጽናናዋል። እንግዲህ መንፈሳዊ ሕፃንነት ድካማችንን አውቀን ከነፍርሃታችን ወደ ሰማያዊ አባታችን መሄድ ነው።

ማዕበል በተነሣ ጊዜ በታንኳዋ ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ ባሕሩን የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ሙያቸው ግን ከፍርሃት አላዳናቸውም። ጌታ እንደ ማርቆስ አተራረክ አስቀድሞ ነፋሱን ጸጥ አደረገ፤ ስለ እምነታቸው የወቀሳቸውም ከዚያ በኋላ ነው (ማር. 4፡35-41)። ጩኸታቸው እምነት የጎደለው ቢሆንም ሳይሰማው አልቀረም። እርሱ ራሱም በጌቴሴማኒ እጅግ በተጨነቀ ጊዜ እግዚአብሔርን «አባ» ብሎ ጠራ (ማር. 14፡33-36)። ስለዚህ መጨነቅ ብቻውን እምነት የማጣት ምልክት አይደለም።

ይህን መንገድ በሕይወቷ ካሳዩን ቅዱሳን አንዷ ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1873 በፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ ተወለደች፤ በአራት ዓመቷ እናቷን በሞት አጣች፤ በ1888 ገና በ15 ዓመቷ በሊዝዩ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገባች። ታላላቅ ሥራዎችን ለመሥራት አቅም እንደሌላት ስላወቀች፣ ትንንሽ ተግባሮችን በፍቅር እየፈጸመች በእግዚአብሔር ምሕረት መታመንን መረጠች። ሆኖም የትሬዛ መታመን ፈተና ያልነካው አልነበረም። ከ1896 የትንሣኤ በዓል ወዲህ በሳንባ ነቀርሳ እየተሠቃየች ሳለ፣ መንግሥተ ሰማያት መኖሩን እንድትጠራጠር የሚገፋፋ ጽኑ ጨለማ ነፍሷን ከበባት። በዚያ ጊዜ ጸሎተ ሃይማኖትን በገዛ ደሟ ጽፋ በደረቷ ትይዘው ነበር። መስከረም 30 ቀን 1897 በ24 ዓመቷ አረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1997 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰየሟት።

በየቁምስናችን በሕመም፣ በሥራ ማጣት ወይም በልጆቻቸው ዕጣ ፈንታ የሚጨነቁ፣ «ስለፈራሁ እምነት የለኝም» እያሉም ራሳቸውን የሚወቅሱ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ከወቀሳ ይልቅ አብረናቸው «አባታችን ሆይ» ብለን እንጸልይ። ጸሎት ግን መድኃኒትን ወይም ምክርን አያስንቅም፤ ሕፃን የአባቱን እጅ ሲይዝ በገዛ እግሩም ይራመዳልና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልዩ ኃላፊነት አለብን። ሕፃናትን ዝም ለማሰኘት «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» የምንል ከሆነ፣ በመከራ ቀን ሊሮጡበት ከሚገባው አባት እንዲሸሹ እናስተምራቸዋለን።

ለውይይት፦
1. ፍርሃት ሲይዘን በመጀመሪያ የምንሄደው ወደ ማን ነው?
2. በቤታችንና በትምህርት ክፍላችን ስለ እግዚአብሔር የምንናገረው ቃል ሕፃናትን ወደ እርሱ ያቀርባል ወይስ ያርቃል?