ቬኒርዎ በደንብ ካልተገጠመ ለጥርስ ሐኪምዎ ምን ይንገሩ?

ቬኒር በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው። ከፖርሴሊን ወይም ከኮምፖዚት ይሠራል፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በደንብ ከተገጠመ ለዓመታት ያገለግላል። ያልተስተካከለ ቬኒር ግን "ይለመዳል" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከቆየ ከሥሩ ያለውን ጥርስ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ቀጠሮ መያዝ ያለብዎት መቼ ነው?

ቬኒር ከተለጠፈ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጥርስዎ በቀዝቃዛ ነገር ቢጠርስ፣ ድድዎም ትንሽ ቢቆስል የተለመደ ነው። ስሜቱ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። የሚከተሉትን ካዩ ግን ሳይዘገዩ ቀጠሮ ይያዙ፦

• በቬኒሩ ጠርዝ ያለው ድድ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ሲቦርሹ ከደማ
• የጥርስ ክር ጠርዙ ላይ ከተያዘ ወይም ከተበጠሰ
• ምግብ አንድ ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ከተሰነቀረ
• አፍዎን ሲገጥሙ አንዱ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ከነካ
• ጠዋት ሲነሡ መንጋጋዎን ካመመዎት
• ቬኒሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተነቃነቀ

ችግሩ ከምን ይመጣል?

ጠርዙ ወደ ድድ ገፍቶ ከወጣ ብሩሽ የማይደርስበት ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ ድድም ይቆጣል። በጠርዙና በጥርሱ መካከል ክፍተት ካለ ጥርሱ ከሥር ይበሰብሳል፤ ከፊት ግን ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ቬኒር ብዙ ጊዜ ተነሥቶ እንደገና መሠራት አለበት።

ቬኒሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ደግሞ ማደንዘዣው ሳይለቅ ላያውቁት ይችላሉ። ቤትዎ ገብተው ካወቁት ተመልሰው መሄድ ነውር የለውም። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሞርዶ ያስተካክለዋል።

ሕመምዎን ለይተው ይግለጹ

አስተርጓሚ የሚያስተላልፈው እርስዎ የተናገሩትን ብቻ ነው። "ጥርሴን ያመኛል" ብቻ ካሉ ሐኪሙ የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። እንዲህ ብለው ይለዩት፦

• "ቀዝቃዛ ስጠጣ ይጠርሳል፤ ወዲያው ይተወኛል።"
• "ስነክስ ብቻ ይወጋኛል።"
• "ምንም ሳይነካው ሌሊት ይጠዘጥዘኛል።" ይህ የጥርሱ ነርቭ መጎዳቱን ሊያመለክት ስለሚችል ቶሎ ይናገሩ።

ቬኒሩን አገር ቤት ሄደው ወይም በሌላ አገር አሠርተው ከሆነ አይደብቁ። ሐኪሙ መቼና ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት። ራጅ ወይም ወረቀት ካለዎት ይዘው ይሂዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እነዚህን አያድርጉ

• የወለቀ ቬኒር በሱቅ ሙጫ አይለጥፉ። በንጹሕ ዕቃ አስቀምጠው ለሐኪሙ ይውሰዱት።
• አስፕሪን ድድዎ ላይ አያስቀምጡ፤ ያቃጥላል። ቅርንፉድም ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስ ምክንያቱን አያጠፋም።
• ከሌላ ጊዜ የተረፈ አንቲባዮቲክ አይውሰዱ።
• በመኖሪያ ቤት ወይም በውበት ሳሎን ውስጥ ፈቃድ ለሌለው ሰው አፍዎን አይስጡ። የተሞረደ ኢናሜል ተመልሶ አያድግም። የጥርስ ሐኪሙን ፈቃድ ከክፍለ ግዛትዎ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ማረጋገጥ ይችላሉ።

አስቸኳይ ሁኔታ

ፊትዎ ወይም አንገትዎ ካበጠና ትኩሳት ካለዎት ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት 911 ይደውሉ።

አስተርጓሚ የማግኘት መብትዎ

ቀጠሮ ሲይዙ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ይበሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ልጅ የሕክምና ቃላትን ሊያሳስት ይችላል። ክፍያ የሚያሳስብዎት ከሆነ በገቢ መጠን የሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ በአካባቢዎ መኖሩን ይጠይቁ። ሐኪሙ ያለው ካልገባዎት "እባክዎ ይድገሙልኝ" ይበሉ፤ ሳይገባዎት አይፈርሙ።