ለጆሮ የሚጻፍ ንግግር

ራልፍ ስሜድሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ካሊፎርኒያ ውስጥ በጀመረው የቶስትማስተርስ ክበብ፣ የአዲስ አባል የመጀመሪያ ንግግር ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ነው። በ4 አረንጓዴ፣ በ5 ቢጫ፣ በ6 ቀይ ምልክት ይታያል። የእኛም ክበብ በዚሁ ስልት ይሠራል፤ የምንናገረው ግን በአማርኛ ነው።

ለእኔ ከሰዓቱ ይልቅ የሚከብደው ዐረፍተ ነገሩ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አድማጭ “እንደግፋለን” ይባል “አንደግፍም” እስኪሰማ ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። አንባቢ ቢጠፋበት ወደ ላይ ተመልሶ ያያል። አድማጭስ የት ይመለሳል? ስለዚህ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ትንፋሽ ካጠረኝ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ትቼ መዳፍ በምታህል ካርድ ላይ አምስት ቃል ብቻ እይዛለሁ። መክፈቻውን ግን በቃሌ አጠናዋለሁ።

“እ...”፣ “እንትን”፣ “ማለት ነው” የሚሉትን እየቆጠረ የሚመዘግብ አባልም አለ (ያስፈራል!)። እንደታዘብኩት፣ ዐረፍተ ነገር ሲያጥር እነዚህም ይቀንሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ግስ ፍለጋ ላይ ሳለን ነዋ።

በመጨረሻ ሰዓት ይዤ እለማመዳለሁ። 6 ደቂቃ የሞላውን ወደ 5 አወርደዋለሁ፤ ሰው ሲስቅ ሰዓቱ አይቆምማ።