ገበሬንና ነጋዴን የሚጠቅም የንግድ ወዳጅነት፤ ከካርቱም ገበያ የሚገኝ ትምህርት

ካርቱም ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በማዶዋ ያለችው ኦምዱርማን ደግሞ በታላቅ ገበያዋ የታወቀች ናት። የኮርዶፋን የዐረብ ሙጫና የገዳሪፍ ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር ሲላክ የንግዱ ስምምነት ለብዙ ዘመን በካርቱም ይፈጸም ነበር። ይሁን እንጂ ሙጫውን ከግራር የሚለቅመው ገበሬና የካርቱሙ ላኪ ፊት ለፊት የሚተያዩት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በመካከላቸው የመንደር ባለሱቅ፣ ደላላና የኤል ኦቤይድ ነጋዴ አሉ። ስለዚህ የገበሬው ጥቅምና ጉዳት በአብዛኛው የሚወሰነው ከነዚህ ሰዎች ጋር ባለው ወዳጅነት ዓይነት ነው።

በሱዳን ከዱሮ ጀምሮ የታወቀው የዚህ ወዳጅነት ዓይነት «ሸይል» ይባላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በክረምት፣ ያለፈው እህል ተሟጦ አዲሱ ሳይደርስ፣ ገበሬው ከባለሱቁ ዘርና ቀለብ በዱቤ ይወስዳል፤ ዕዳውንም በመከር ጊዜ፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ፣ በምርቱ ይከፍላል። ባለሱቁን ብቻ መውቀስ አይገባም። ባንክ መያዣ ለሌለው ገበሬ በማያበድርበት ስፍራ እርሱ ያበድራል፤ ዝናብ ቢጠፋ ወይም አንበጣ ቢወርድ ገንዘቡ ይዘገይበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቀርበታል። ነገር ግን ዋጋው የሚቆረጠው ገበሬው በተቸገረበት ወር ስለ ሆነና ሌላ የሚያውቀው ገዥ ስለሌለ፣ የመከሩ ዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳ ትርፉ ለእርሱ አይደርስም።

ይህን ለማቃናት ልዩ ልዩ ዘዴ ተሞክሯል። በ1969 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የዐረብ ሙጫ ኩባንያ ተቋቁሞ ጥሬውን ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ መብት ለብቻው ተሰጠው። ዝቅተኛ ዋጋ መወሰኑ ለአምራቹ አለኝታ ነበር፤ ሆኖም ላኪው አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ዋጋው በወረደ ጊዜ ሙጫው በድብቅ ወደ ጎረቤት አገሮች ይሻገር ጀመር። ይህ መብት በ2009 ቀረ። ባንኮች ደግሞ «ሰለም» በተባለው ውል ለገበሬዎች ሲያበድሩ ቆይተዋል። በዚህ ውል ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የሰብሉ ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠንና የርክክቡ ቀን በጽሑፍ ይሰፍራል። የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ቢራራቅ የተጎዳው ወገን እንዲካስ የሚያዝ አንቀጽም በሱዳን ውሎች ውስጥ ገብቷል። አንዱ ወገን ፈጽሞ የሚጎዳበት ውል ለሚቀጥለው ዓመት ወዳጅነት አያተርፍምና።

ከዚህ ሁሉ አራት ነገር መማር ይቻላል።

አንደኛ፦ ወዳጅነት በችግር ቀን አይጀመርም። አምራቹ ከመከር በኋላ፣ ዕዳ በሌለበት ጊዜ፣ ሁለትና ሦስት ገዥዎችን ሄዶ ይጎብኝ፤ የምርቱን ናሙና ያሳይ፤ ዋጋም ይጠይቅ።

ሁለተኛ፦ መልካም ስም የሚገኘው በዕቃ ነው። ሐሸብ ከተባለው ግራር የሚወጣው ሙጫ ከጠልሕ ሙጫ ይልቅ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ፣ ወይም ቅርፊቱንና አሸዋውን ሳይለይ የሸጠ ሰው፣ ዛሬ ጥቂት ቢያተርፍ ነገ የሚያምነው ያጣል።

ሦስተኛ፦ ሚዛኑ በሁለቱም ፊት ይመዘን፤ ሒሳቡም በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በገበሬው እጅ ይቅር። ይህ አለመተማመን ሳይሆን ወዳጅነትን ከጠብ የሚጠብቅ አጥር ነው።

አራተኛ፦ በማኅበር መሸጥ ይልመድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ አንድ ኩንታል ይዞ ወደ ከተማ ለመሄድ የማያዋጣው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ መኪና መከራየትና ከትልቁ ነጋዴ ጋር መነጋገር ይችላል።

ወዳጅን ማብዛት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የቅርብ ጊዜው መከራ ገልጾታል። በአፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ገበያዎችና መጋዘኖች ተዘረፉ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ የመንግሥቱም ሥራ ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወረ። ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያውቀው የካርቱም ነጋዴ አንድ ብቻ የሆነ ሰው መንገዱ ሁሉ ይዘጋበታል፤ በሌላ ከተማም ስሙ የታወቀ ሰው ግን ምርቱን የሚቀበለው ያገኛል።

ይህ ትምህርት ከድንበሩ ወዲህ ላሉት የመተማና የሑመራ ሰሊጥ አምራቾችም ይበጃል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰሊጥን ዋጋ ማወቅ ቀሏል። ይሁን እንጂ ዋጋ ማወቅ የሚጠቅመው ገበሬው ምርቱን ለመረጠው ሰው ለመሸጥ ነፃ ሲሆን ነው። ስለዚህ የወረዳ የእርሻ ሹማምንት የታመነ ሚዛን እንዲኖርና ማኅበራት ክረምት ሳይገባ ብድር እንዲያገኙ ቢተጉ፣ ገበሬው ሰሊጡን ገና ሳያብብ ከመሸጥ ይድናል።