የድምፅ መስጫ መኪናና የመራጩ እምነት

መራጭ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጣ፣ የሰጠው ድምፅ እንደ ሰጠው ይቈጠራል የሚል እምነት ይዞ ይወጣል። ድምፅ በወረቀት በሚሰጥበት አገር ይህን እምነት የሚጠብቁት የታዛቢዎች ዓይኖች ናቸው። ድምፁን መኪና ሲቀበለው ግን ዓይን የሚያየው ነገር ያንሳል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ሜይ 18 ቀን 2003 ቤልጂየም የምክር ቤት ምርጫ አካሄደች። በብራስልስ ከተማ በስካርቤክ ወረዳ መራጩ ማግኔታዊ ካርድ ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባ ነበር፤ የፈለገውን ዕጩ ይመርጥ ነበር፤ ምርጫው የተመዘገበበትንም ካርድ ወደ ሳጥኑ ይከት ነበር። ውጤቱ ሲደመር አንዲት ዕጩ ከቶ ልታገኘው የማትችለው ብዛት ያለው ድምፅ ተመዘገበላት። ካርዶቹ አልተጣሉም ነበርና እንደገና ተነበቡ፤ ትርፉ ልክ 4096 ሆነ።

ይህ ቍጥር ለሒሳብ ዐዋቂ ምስጢሩን ይነግረዋል። ኮምፒዩተር ማናቸውንም ቍጥር የሚጽፈው በዜሮና በአንድ ብቻ ነው። ከቀኝ ጀምሮ የመጀመሪያው ቦታ አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ እጥፍ እጥፉን እየሄደ አሥራ ሦስተኛው 4096 ይመዝናል። በዚያ ቦታ የነበረው ዜሮ ወደ አንድ ተለውጦ ነበር ማለት ነው። መርማሪዎቹ በፕሮግራሙ ላይ ስሕተት ስላላገኙ፣ በመኪናው የማስታወሻ ክፍል በድንገት የደረሰ ለውጥ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ከጠፈር የመጣ ጨረር ነው የሚለው ግምት ብዙ ቢወራም በማስረጃ አልተረጋገጠም። ይልቅስ የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ የተለወጠው ሰባተኛው ቦታ ቢሆን ኖሮ ትርፉ 64 ድምፅ ብቻ ስለሚሆን ማንም ባልጠረጠረ ነበር።

ይህ የሰው ተንኰል ሳይኖርበት የደረሰ ነው። ተንኰል ሲታከልበትስ? በ2006 በሆላንድ የተሰባሰቡ ዜጎች በአገሪቱ በሰፊው ይሠራበት የነበረውን መኪና ከፍተው፣ ፕሮግራሙን በጥቂት ደቂቃዎች መለወጥ እንደሚቻል ለሕዝብ አሳዩ፤ ቼዝ እንኳ እንዲጫወት አደረጉት። መንግሥቱም በ2008 ወደ ወረቀትና እርሳስ ለመመለስ ወሰነ።

የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደግሞ ማርች 3 ቀን 2009፣ በ2005 ምርጫ የተሠራባቸው መኪናዎች ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማሙም ሲል ፈረደ። ማንኛውም ዜጋ የተለየ የሙያ ዕውቀት ሳይኖረው የምርጫውን ዋና ዋና ተግባራትና ውጤቱን ማረጋገጥ መቻል አለበት አለ። ማጭበርበር ተፈጽሟል ግን አላለም፤ ምርጫውንም አልሰረዘም።

ቤልጂየም መኪናውን ፈጽማ አልተወችም። ከ2012 ጀምሮ በብዙ ወረዳዎቿ የገባው አዲሱ መኪና የመራጩን ምርጫ በወረቀት ላይ ያትማል፤ መራጩም አንብቦ ወደ ሳጥኑ ያስገባዋል።

ጥያቄዎች
፩. በስካርቤክ ስሕተቱ ሊታወቅ የቻለው በምን ምክንያት ነው?
፪. የጀርመን ፍርድ ቤት ማጭበርበር ሳይረጋገጥ መኪናዎቹን የነቀፈው ስለ ምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
፫. «ተንኰል»፣ «ታዛቢ»፣ «ግምት» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።