ውጤት ከመጣ በኋላ፦ በ«አለፈ» እና በ«ወደቀ» መካከል መኖር

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲለቀቅ በየቤቱ የሚሰማው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አለፈ፣ ወደቀ። የሚደውለው ዘመድ፣ በር ላይ የሚያገኛችሁ ጎረቤት፣ ከውጭ አገር መልእክት የሚልክ አጎት፣ ሁሉም ከሁለቱ አንዱን ሊሰማ ይጠብቃል። ቃላቱ ለመዝገብ ቤት ይበቁ ይሆናል። ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ ግን አይበቁም። በእነሱ ብቻ ራሱን እንዲያይ የተተወ ልጅ፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት ይሳነዋል።

ቁጥሩን ልብ በሉ። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ውጤታቸው ከተገለጸ 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ይኸው ቁጥር 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ «ወደቀ» የምንለው ቃል በእነዚህ ዓመታት ከመቶ ተማሪ ከዘጠና አራት በላይ የሚሆኑትን በአንድ ስም ይጠራል። 49 ያመጣውንም፣ 19 ያመጣውንም። እንዲህ ያለ ቃል ስለ አንድ ልጅ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

የሚከተሉት ደረጃዎች የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ሁሉም ወይም ምንም» ከሚባለው አስተሳሰብ ሰውን ለማላቀቅ በሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እዚህ የቀረቡት ውጤት ለመጣበት ቤት፣ ለተማሪውም ለወላጁም በሚሆን መልክ ነው።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ አትስጡ

ማልቀስም መናደድም ያለ ነው፤ አትከልክሉት። ነገር ግን በዚያ ቀን የሚወጣ ቃል በልጅ ልብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ለሁለት ሦስት ቀን ስለ ወደፊቱ ምንም አይወሰን። «ከእንግዲህ ሱቅ ትቆማለህ» አይባልም፣ «ዐረብ አገር ሂጂ» አይባልም፣ ደብተርም አይቀደድም። ለሚደውለው ሰው የሚሰጠውን መልስ ቀድማችሁ ተስማሙበት፤ «ውጤቱን አይተናል፣ እየተነጋገርንበት ነው፣ ስንጨርስ እንነግራችኋለን» ይበቃል። ስልኩን የሚያነሳውም ትልቅ ሰው ይሁን።

በአንድ ጉዳይ ላይ ግን መካከለኛ ቦታ የለም። ልጁ «መኖር አልፈልግም» ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ የንዴት ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ ምን እያሰበ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል መነሻ ይሆናችኋል። ጸሎቱም ጠበሉም አብሮ ይሂድ እንጂ ሐኪሙን አያስቀር።

ደረጃ 2፦ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ጻፉት

ነገሩ ረገብ ሲል ወረቀት አምጡ። ተማሪውም ወላጁም በየፊናው በጭንቅላቱ የሚመላለሰውን ዓረፍተ ነገር ሳያሳምር ይጻፍ። የተማሪው ብዙውን ጊዜ «አለቀልኝ»፣ «ድሮም ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ዓይነት ነው። የወላጁ ደግሞ «ያ ሁሉ ልፋቴ ውኃ በላው» ወይም «ምንም ልጅ አላሳደግሁም»።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ውስጥ በድብርት የሚሠቃዩ ሰዎችን ሲያዳምጥ፣ ከሕመሙ ጋር እየደጋገመ የሚመጣ የአስተሳሰብ ልማድ አስተዋለ። ሕሙማኑ ራሳቸውንም ዓለሙንም በሁለት ጽንፍ ብቻ ነበር የሚመዝኑት። እሱ ያቋቋመው የሕክምና ስልት ሰውየው ሐሳቡን እንደ እውነት ከመዋጡ በፊት ወረቀት ላይ አውጥቶ እንዲያየው ያደርጋል። እናንተም ይህን ያህል ብቻ አድርጉ። «ሁሉ»፣ «ምንም»፣ «ድሮም»፣ «አለቀ» የሚሉትን አስምሩባቸው። አሁን አትከራከሩ፤ ወረቀቱን አስቀምጡት።

ደረጃ 3፦ ውጤቱን በትኑት

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ድምሩን ትታችሁ በየትምህርቱ ያለውን ነጥብ አንድ በአንድ ጻፉ።

አንዲት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ 46 በመቶ አመጣች እንበል። ሲበተን እንዲህ ነው፦ እንግሊዝኛ 61፣ ባዮሎጂ 58፣ አፕቲትዩድ 55፣ ኬሚስትሪ 41፣ ፊዚክስ 33፣ ሒሳብ 28። ድምሩ ከ600 ውስጥ 276። ይህች ልጅ ከስድስቱ በሦስቱ ከግማሽ በላይ አምጥታለች። «ወደቀች» የሚለው ቃል ይህን አያሳይም፤ «ጎበዝ ነሽ፣ አይዞሽ» የሚለውም የሒሳቡን 28 ይሸፍንባታል። ሁለቱም እኩል ያሳስቷታል።

አሁን ጠይቁ። 11ኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ መምህር ዓመቱን ሙሉ ነበር? መጽሐፉ እስከ ስንተኛው ምዕራፍ ተሸፈነ? ፈተናው ላይ ጥያቄው ከብዷት ነው ወይስ ሰዓት አልቆባት በግምት አጥቁራ ወጣች? ፊዚክስ ያለ ሒሳብ አይሄድምና 33ቱ የ28ቱ ታናሽ ወንድም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የጎደላት ስድስት ትምህርት ሳይሆን አንድ ተኩል ነው። ለ300 የሚቀሯት 24 ነጥቦች ናቸው፤ ሒሳብን ከ28 ወደ 42፣ ፊዚክስን ከ33 ወደ 43 ብታደርስ ይሞላሉ። ቀላል ነው አልልም። ነገር ግን «አለቀልኝ» ላለች ልጅ ሊሠራ የሚችል ሥራ በቁጥር ተቀምጦላታል።

ሌላው ተማሪ ያው 46 ኖሮት ስድስቱም ትምህርት ከ43 እስከ 49 ተሰልፎ ይሆናል። የእሱ ችግር ከእሷ ይለያል። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና ጥያቄውን አንብቦ እስኪረዳ ሰዓቱ እየሄደበት እንደሆነ መመርመር ይገባል። እንዲህ ላለ ልጅ የባዮሎጂ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው በየቀኑ እንግሊዝኛ ማንበብ ነው።

መበተን ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አያወጣም። ሁሉም ትምህርት ሃያዎቹ ውስጥ ከሆነ ክፍተቱ ከ12ኛ ክፍል አልጀመረም፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ድረስ ወርዶ መፈለግ አለበት። ይህም ቢሆን ማወቁ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ መስመር ስሩ

ባዶ ወረቀት ላይ አግድም መስመር ስሩ። ግራው ጫፍ 0፣ «ምንም የማይረባ ተማሪ»፤ ቀኙ 100፣ «ምንም የማይጎድለው ተማሪ»። ልጁ ራሱን የት እንደሚያስቀምጥ ምልክት ያድርግ። ውጤቱ በታየ ሰሞን ዜሮ አካባቢ ሊያደርግ ይችላል፤ ተዉት። ከዚያ ዜሮ ላይ የሚቆም ተማሪ ምን ዓይነት እንደሆነ እሱ ራሱ ይናገር። አንድም ቀን መጽሐፍ ያልከፈተ ነው? ፈተናውን ጥሎ የወጣ? ጓደኛውን አንድም ጊዜ አስጠንቶ የማያውቅ? ቀጥሎ የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ የክፍሉን አንደኛ፣ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠውን የሰፈር ልጅ፣ የአክስቱን ልጅ መስመሩ ላይ ያስቀምጥ። መጨረሻ ላይ ራሱን እንደገና ያስቀምጥ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከቦታው ይነሳል። 35 ላይ ቢያርፍ 80 ነህ ብላችሁ አትሟገቱ። ዋናው ነገር ከጫፉ መነሣቱ ነው።

ስለ 50ውም እዚህ ጋ ተነጋገሩ። ከዚህ በፊት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር፤ ለወንድና ለሴት፣ ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎችም የተለያየ ነበር። በአንዱ ዓመት ያስገባ ነጥብ በሌላው ዓመት ውጭ ያስቀር ነበር። ደረጃን ከፍ አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኩረጃው ዘመን በእውነት ያጠናውን ልጅ ነው የጎዳው። ይሁን እንጂ 50 ለመለየት የተሰመረ የአሠራር መስመር ነው። 49 ያመጣና 51 ያመጣ ልጅ በእውቀት ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ትምህርት ሚኒስቴርም ቢሆን በሁለቱ ቃላት ብቻ መሥራት አልቻለም። ከ50 በታች ካመጡት የተሻለ ውጤት ያላቸውን በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ሁላችን ሪሚዲያል በምንለው፣ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለወራት ካስተማረ በኋላ ዳግም እየፈተነ ያሳልፋል። መካከለኛው ቦታ በመንግሥት አሠራርም አለ፤ ቤታችን ውስጥ ልንነፍገው አይገባም።

ደረጃ 5፦ ሁለት እውነት አብራችሁ ያዙ

በየቤቱ የሚነሣው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ «ጥፋቱ የማን ነው» ነው። አባት ሰነፍ ነህ ይላል፤ ልጅ ትምህርት ቤቱ አላስተማረኝም ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ከላይ በጠቀስኳቸው ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ይህን የአንድ ልጅ ስንፍና አያመጣውም። በሌላ በኩል ያ ልጅ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ያሳለፈው ጊዜም የራሱ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦ «ትምህርት ቤቱ በድሎኛል፤ እኔም በቂ አልሠራሁም።» ወላጅም የራሱን ይጻፍ፦ «ተናድጃለሁ፤ ልጄንም እወደዋለሁ።» አንዱ ሌላውን እንዲሰርዘው አታድርጉ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ አእምሮ አንዱን መርጦ ማረፍ ይፈልጋልና።

ለዚህ አቅም የለንም ሊባል አይችልም። ኢትዮጵያን በቅርብ ያጠናው የቺካጎው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን አሳትሞ፣ በአንድ ስንኝ ሁለት ትርጉም ይዞ መሄድ በዚህ ባህል ምን ያህል ሥር እንደሰደደ አሳየ። ከ20 ዓመት በኋላ በ1985 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ዘመናዊው አስተሳሰብ ከአሻሚነት መሸሹ ያስከተለውን ጉዳት መረመረ። ቅኔ ሲሰማ ወርቁን እስኪያገኝ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው፣ የገዛ ልጁን ውጤት በአንድ ቃል ዘግቶ መነሣቱ ያሳዝነኛል።

ደረጃ 6፦ ለማይታወቀው ቦታ ስጡት

ከውጤት በኋላ የሚመጣው ጥበቃ ከውጤቱ ይልቅ ያደክማል። የሪሚዲያል መቁረጫ ስንት ይሆናል? የት እመደባለሁ? ቴሌግራም በየሰዓቱ አዲስ ቁጥር ያወራል። አእምሮ አለማወቅን ስለማይወድ ወይ «ይደርሰኛል» ብሎ ሥራ ያቆማል፣ ወይ «አይደርሰኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ወረቀቱን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው የማውቀው፣ ሁለተኛው የማላውቀውና ማን እንደሚያሳውቀኝ፣ ሦስተኛው እስከዚያ የማደርገው። ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ የገባን ነገር በቀን አንድ ጊዜ፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ይፋዊ ገጽ ብቻ እዩት፤ የቀረውን ወሬ አጥፉት። ሦስተኛው ዓምድ ከአንድ በላይ መንገድ ይኑረው፦ ሪሚዲያል ቢደርስም ባይደርስም የሚጠቅመውን ሒሳብ ማጥናት፣ በግል ተፈታኝነት ስለመመዝገብ መጠየቅ፣ በአቅራቢያ ባለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምን እንደሚሰጥ ሄዶ ማየት። ሁለት መንገድ ጎን ለጎን መያዝ ቁርጠኝነት ማጣት አይደለም። የምዝገባ ቀን ግን ቁርጥ ነው፤ ካለፈ አለፈ፤ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 7፦ «አለፈ» የተባለውንም መርምሩ

53 ያመጣ ልጅ ያለበት ቤትም ወረቀቱን ያውጣ። ሒሳቡ 30 ሆኖ ሶፍትዌር ምህንድስና ሊመርጥ እያሰበ ከሆነ፣ ደስታው ክፍተቱን ሸፍኖት አንደኛ ዓመት ላይ ይጋለጣል። ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ደረጃ 3ን ከእሱም ጋር ሥሩ፤ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ እንደገና ይከፈት።