ወዳጅን በስሙ ጠርቶ ስለ መጸለይ

በኦሞ ወንዝ ዳር ዱስ የምትባል የካራ ሕዝብ መንደር አለች። የካራ ሰዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ሐመሮችና ኛንጋቶሞች ናቸው። ካራዎች ከጥንት ጀምሮ ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ሙላቱ እንደ ቀድሞው አይደለም። በዚያ አገር ሰው ከሌላው ወገን የቃል ኪዳን ወዳጅ ይይዛል። አንዱ ማሽላ ቢሰጥ፥ ሁለተኛው ፍየል ወይም ማር ይሰጣል። ወገን ከወገን ስለ ወንዝ ዳር መሬት በተጣላ ጊዜ እንኳ፥ እንዲህ ያለው ሰው ማዶ ያሉትን ሁሉ በአንድነት ጠላት ለማለት ይቸገራል፤ ከመካከላቸው ስሙን የሚያውቀው አንድ ሰው አለውና።

ልጆች ሆይ፥ ጸሎትም እንዲሁ ነው። «አቤቱ፥ ሰውን ሁሉ ባርክ» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ የያዘው ሰው እንኳ ሊለው ይችላል። «ስለ እገሌ አመሰግንሃለሁ» የሚል ልጅ ግን ስለ ምን እንደሚያመሰግን ማሰብ አለበት።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና መልእክት በጻፈ ጊዜ እስረኛ ነበረ። የሚለምነውም ነገር ከባድ ነበር፤ ከፊልሞና ቤት ተለይቶ የነበረውን ባሪያውን አናሲሞስን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ነው። ሆኖም ልመናውን አላስቀደመም። አስቀድሞ ፊልሞናን በጸሎቱ እያሰበ እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግን፥ ፍቅሩም የብዙ ሰዎችን ልብ እንዳሳረፈ ነገረው። በሮሜ መልእክት መጨረሻም ከ20 ለሚበልጡ ሰዎች በየስማቸው ሰላምታ ልኳል። ሮሜን ገና አላየም ነበር፤ ነገር ግን ጵርስቅላና አቂላ ስለ እርሱ ነፍሳቸውን ለሞት እንዳቀረቡ፥ የሩፎን እናትም ለእርሱ ደግሞ እናት እንደ ሆነችው አልረሳም። ብዙ አንባቢ ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከመልእክቱ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣል፤ ካህኑም በጸሎት የሚያስበን በዚያ ስም ነው። የቆዩትን የብራና መጻሕፍት ብትገልጡ የባለቤቱ ስም በጸሎቱ መካከል ተጽፎ ታገኛላችሁ። መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈበት ብዙ ነው። አባቶቻችን ስም የሌለበት ጸሎት ጎደሎ ሆኖ ይታያቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የሦስት ሰዎችን ስም ጥሩ። ከሦስቱ አንዱ በእርሳስ ወይም በውሃ ወረፋ የተጣላችሁት ይሁን። ስለ ሁለቱ ወዳጆቻችሁ ማመስገን ቀላል ነው። ስለ ሦስተኛው ግን በደሉን ለእግዚአብሔር ከመንገር በፊት፥ ያደረገላችሁን አንድ መልካም ነገር አስታውሱ። ወዲያው ባይታወሳችሁ አትቸኩሉ፤ እስኪታወሳችሁ ድረስ ዝም ብላችሁ ተንበርክካችሁ ቆዩ።