ድካም ሁሉ የአራስ ድካም አይደለም

«የቤተሰብ ምጣኔ ጋዜጣ ስለ ልብ ምን አገባው?» እንዳትሉ፣ አንድ ገጠመኝ ላጫውታችሁ።

በአንድ የገበያ ቀን ባልና ሚስት የእርግዝና መከላከያ እንክብል ፈልገው ወደ ክፍሌ መጡ። ሚስት ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። ከገበያው እስከ ክሊኒኩ ስትመጣ ሦስት ጊዜ ማረፏን፣ ሌሊትም ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ተቀምጣ እንደምታድር ነገረችኝ። ያበጠ እግሯን ስጫነው የጣቴ ምልክት ጎድጉዶ ቀረ። አማቷ «የአራስ ብርድ ነው» ብለው ገንፎና አጥሚት ሲያበዙላት ከርመዋል።

እንክብሉን ሳልሰጥ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። በአልትራሳውንድ ስትታይ የልቧ ጡንቻ ደክሟል፤ ቫልቯም ያፈስሳል። በኋላ ባልየው መጥቶ «ሲስተር፣ ቫልቩ ተቀዶ ነው ወይ?» አለኝ። መልሱ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ቫልቭ ምንድን ነው?

ልብ ደም የምትገፋ ጡንቻ ናት። በውስጧ 4 ቫልቮች አሉ። ቫልቭ ደም ወደ ፊት ሲያልፍ ይከፈታል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋል። በደንብ ካልገጠመ ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። «ያፈስሳል» የምንለው ይህንን ነው።

ሳይቀደድ ለምን ያፈስሳል?

ባለ ሁለት መዝጊያ በር አስቡ። መቃኑ ቢሰፋ፣ መዝጊያዎቹ ደህና ቢሆኑም መካከላቸው ክፍተት ይቀራል። የደከመች ልብም እንዲሁ ናት። ጡንቻዋ ሲላላ ትለጠጣለች፣ የቫልቩም ዙሪያ ይሰፋል። ቫልቩን ከልብ ጡንቻ ጋር ያያዙት ቀጫጭን ክሮችም ወደ ታች ይስቡታል። የተመለሰው ደም እንደገና መገፋት ስላለበት ልብ ይበልጥ ትደክማለች። ድካሙ ማፍሰሱን፣ ማፍሰሱም ድካሙን ያባብሳል።

ልብን ከሚያደክሙት መካከል ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ የልብ ጡንቻ ቁስለትና አረቄን አብዝቶ መጠጣት ይገኙበታል። የዚያች እናት ሕመም ግን በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት 5 ወራት የሚከሠት የልብ ድካም ነው።

በአገራችን ግን ቫልቩ ራሱ የሚጎዳበት ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ። በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ቁስለት የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትልና ቫልቩን ጠባሳ አድርጎ ያኮማትረዋል። እንጥል ማስቆረጥ ይህንን አይከላከልም፤ የሚከላከለው በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል ከሚያክማቸው ሕፃናት መካከልም ይኸው በሽታ ያለባቸው ይገኙበታል።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

1. ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት፣ ሌሊት ታፍና ከነቃች፣ እግሯ እያበጠ ከሄደ ወይም ልቧ በኃይል ከመታ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

2. መድኃኒት ጀምራ ሻል ቢላት በራሷ አታቋርጥ። ልብ ስትበረታ በድካም ምክንያት የመጣው ማፍሰስ ሊቀንስ ይችላል። ጨውም ይቀነስ።

3. በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር ለደከመች ልብ ሸክሙ ከባድ ነው። አንዳንድ የልብ መድኃኒቶችም ጽንሱን ይጎዳሉ። ስለዚህ ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

4. ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል እንዲህ ላለች እናት አይሆንም። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ የሦስት ወር መርፌ ወይም ሉፕ ሊሆን ይችላል። የልብ ሕመም እንዳለባችሁ ለባለሙያው ሳትነግሩ ግን ምንም አትውሰዱ።

ያ ባል ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ «እንግዲያው እንስራውን እኔ እሸከማለሁ» አለ። ከሐኪሙ ጋር ተማክረው በክንድ የሚቀበረውን መረጡ። ዛሬ ሚስቱ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ልጇን ታሳድጋለች።

እናንተም ድካም ሲበረታ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ።